የመንኮራኩሯ ካርቶን

ሚስቴ እንግዳ ሲመጣ አስቀድማ የምትናገረው ነገር አላት። «እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለውን እንዳትነኩ፤ ሰውዬው ጨረቃ ሊሄድ ስንቅ እያዘጋጀ ነው» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ? ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ቤቱን በልጆች መጫወቻ ሞልቶት ሲታይ ያስቃል። አያስቅም አልልም።

የምሰበስበው የድሮ የፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ያውም የሕዋውን ብቻ። ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ተብሎ ዓለም ባበደበት ጊዜ የተሠሩትን፦ ሮኬት፣ በራሪ ሳህን፣ ጎማ ያላት የጨረቃ መኪና፣ የጠፈር ልብስ የለበሰ አውራ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ሰው። ያኔ ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መስኮት ላይ ደርድረው የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ። ዛሬ ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አሮጌ ዕቃ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት፣ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ከቁራጭ ብረትና ከጄሪካን መሀል እየፈለፈልኩ አገኛቸዋለሁ። አብዛኞቹ ነጩ ቢጫ ሆኖባቸዋል፤ ጠበቅ አድርገው ሲይዟቸው እጅ ላይ ይሰበራሉ።

መጫወቻውስ ይገኛል። የማይገኘው ካርቶኑ ነው። እኛ አገር ካርቶን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። መጫወቻው በወጣ በማግሥቱ ወይ ክርና መርፌ ይገባበታል፣ ወይ ጫጩት ያድርበታል፣ ወይ ከሰል ይቀጣጠልበታል። ከአርባ ዓመት በላይ ስሰበስብ ሥዕሉ ያልደበዘዘ፣ ክዳኑ ያልተቀደደ፣ ሙሉ ካርቶን ያለኝ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እቤታችን ነበር። ካርቶኑ ነበረኝ እንጂ ውስጡ የነበረችው መንኮራኩር ግን አልነበረችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚያወርደው መንገድ ላይ የአንድ አርመን ሱቅ ሻጭ ነበር። ሱቁ የጽሕፈት መሣሪያና የልጆች መጫወቻ ይሸጣል። አንድ ዓመት፣ ለገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገበያው ሲጣደፍ፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባችና መስኮት ላይ የተቀመጠችውን መንኮራኩር ገዛች። ካርቶኗ ከላይ ዕቃ ቤት ስለነበር፣ አባቴ መንኮራኩሯን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣትና «ካርቶኗን ነገ መጥታችሁ ውሰዱ» አላት። ሱቁ ሲዘጋ ካርቶኑን ፈልጎ አገኘው። ያን ዓመት ለእኔ የሚገዛልኝ ነገር አልነበረም። «ዛሬን ይየውና ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ባዶውን ካርቶን ይዞልኝ መጣ።

ሥዕሉን ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ሰማይ፣ የክዳኑን ግማሽ የያዘች ቢጫ ጨረቃ፣ ከላይዋ ቀይና ነጭ መንኮራኩር፣ በመስታወት ቆቧ ውስጥ እጁን የሚያውለበልብ ሰው። ጎኑ ላይ የማላውቀው አገር ጽሑፍ አለበት። አቅፌው ተኛሁ። በነጋታው አባቴ ሊወስደው ሲል ኡኡታዬን አቀለጥኩት። ተወው። ያቺ ሴት ከነልጇ ስትመጣ «ጠፋ» አላት። ይህችን ታሪክ እስኪሞት ድረስ እየሳቀ ሲያወራት ኖረ። «ለአንተ ስል የደንበኛ ካርቶን ሰረቅሁ» ይለኝ ነበር። ኋላ ላይ እሱ ራሱ የቤት ኪራይ ደረሰኙንና የክርስትና ካርዴን ያስቀምጥበት ጀመር። ካርቶኑን ያተረፈው ይኼው ነው፤ ሰነድ በገባበት ካርቶን ማንም ከሰል አያቀጣጥልበትም።

ሌላው ሁሉ፣ ሮኬቱም በራሪ ሳህኑም፣ ያቺን አንዲት መንኮራኩር ስፈልግ መንገድ ላይ ያነሳሁት ነው። እውነቱን ለመናገር አንዱንም ያን ያህል አልወደውም።

እሷን ያገኘኋት ለቅሶ ላይ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አርፎ ከድልድዩ በታች ወዳለው ሰፈር ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ስለሞላ ጎረቤት ቤቷን ለለቀስተኛ ከፍታ ነበርና እዚያ አስገቡን። አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ቀና ስል፣ ቡፌው ላይ፣ የተነጠፈው ዳንቴል መሀል፣ ቀይና ነጯ መንኮራኩር ቆቧ እንኳ ሳይሰበር ቁጭ ብላለች። ሳላስበው ብድግ አልኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው «አይዞህ፣ ቁጭ በል፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ሟችን እንደዚያ የምወደው መስሎት ነው። አፈርኩ። ዓይኔን ግን ከቡፌው ላይ መንቀል አቃተኝ።

በሳምንቱ ስኳር ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት ሰማንያን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ምላሳቸው ገና ያልደከመ ሴት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሄጄ፣ ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሷ አትሸጥም» አሉኝ። «የልጄ ናት።»

አንድ ልጅ ነበራቸው። በወታደሩ መንግሥት ጊዜ በሃያ ዓመቱ ወደ ግንባር ሄደና ሳይመለስ ቀረ። መርዶ ተረዱ፣ አለቀሱ፣ ተዝካር አወጡ። መቃብር ግን የላቸውም። የቀራቸው አንድ ጉርድ ፎቶና ይህች መጫወቻ ናቸው። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ያለቀሱት፣ ለዚያውም ፈገግ እያሉ፣ ቀጥለው ያሉትን ሲሉ ነው።

«ስንገዛለት እኮ ካርቶኗን አልሰጡንም። ሻጩ ነገ ኑ አለን፤ ስንሄድ ጠፋ አለን። ልጄ ሦስት ቀን አለቀሰ። መጫወቻህ እጅህ ላይ አይደለች ወይ ስለው፣ ‹መንኮራኩሯን ሰጥተው ጨረቃዋን ከለከሉኝ› አለኝ። ጨረቃዋ ካርቶኑ ላይ ነበረቻ።»

ሻጩ አባቴ ነው። ያቺ እናት እኚህ ናቸው። ጨረቃዋ እኔ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚበቃው፤ «እማማ፣ ካርቶኑ እኔ ጋ ነው» ማለት። አላልኩም። «ወይ ጉድ» ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ለምን እንዳላልኩ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ። ካልኩ ካርቶኑን ልሰጣቸው ነው። ካላልኩ ደግሞ፣ እሳቸው ዘመድ የላቸውም፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ እኔን ወደውኛል፤ አንድ ቀን መንኮራኩሯ ወደ እኔ ልትመጣ ትችላለች። እንዲህ አሰብኩ። የአንዲት እናት ሞት ስጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ በሌላ ቋንቋ ሊባል አይችልም።

በየእሁዱ መሄድ ጀመርኩ፤ ሦስት ዓመት ያህል። ሙዝ እወስዳለሁ፣ የተቃጠለ አምፖል እቀይራለሁ። እሳቸው ቀረፋ ያለበት ሻይ ያቀርቡና «የመጣኸው እኔን ልትጠይቅ ነው ወይስ እሷን ልታይ?» እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ጊዜ አውርደው አስያዙኝ። አንቴናዋ ተሰብሮ ልጁ የክብሪት እንጨት በሙጫ ተክሎባታል። ሆዷ ላይ በተንጋደደ ፊደል ስሙን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት፣ ጽሑፉ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋዋን እንደሚያወርድ ነው። በስንዝሬ ለካኋት። አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት፤ ልክ እንደ ካርቶኑ። በደስታ ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። እማማ ለልጃቸው ያዘንኩ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከቤቴ እስከ እሳቸው ቤት ቁልቁለቱ አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ዓመት ሙሉ መንኮራኩሯና ጨረቃዋ በዚህች መንገድ ተራርቀው ተቀመጡ። መሀል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። በሮች ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። ስንት ዘመን አብሮ ማኅበር የጠጣ ሰው አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ደረሰው። እማማ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣላቸው። «አራተኛ ፎቅ» አሉኝ፣ «እንግዲህ ለጨረቃ ቀረብኩ።» እኔ ልስቅ አልቻልኩም።

በእነዚያ ሳምንታት ፒያሳ ውስጥ ካርቶን እንደ ወርቅ ተወደደ። ሁሉም ዕቃውን ይሸክፋል፤ ሁሉም ከየሱቁ የዘይትና የፓስታ ካርቶን ይለምናል። አንድ እሁድ እማማ እንዲህ አሉኝ። «አንተ ዕድሜህን ወረቀት መሀል የኖርክ ሰው ነህ፤ ካርቶን አታጣም። ለእሷ የምትሆን ደህና ካርቶን ፈልግልኝ። ለሌላው ማዳበሪያም ይበቃል።»

እቤት ገብቼ የእሷኑ ካርቶን ከመደርደሪያው አወረድኩት። በጥጥ ጨርቅ ጠረግሁት። ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ዕቃውን የሚጭነው አይሱዙ መኪና ታየኝ፤ አቧራው፣ የጫኝ ወጠምሾች እጅ፣ ላዩ ላይ የሚጫነው ፍራሽና ብረት ድስት። ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ጠርዙ እንኳ ያልታጠፈ ካርቶን በአንድ ቀን ሊጨማደድ። ወደ ቦታው መለስኩት። በማግሥቱ ከጥግ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ ወሰድኩላቸው።

«ደህናው ይኼ ነው?» አሉኝ፣ አገላብጠው እያዩት።

«ጠንካራ ነው እማማ» አልኩ።

እንደ ድሮው በጋዜጣ ጠቅልለው አስገቧት። ላዩ ላይ ተሰባሪ መሆኗን ጻፍበት ሲሉኝ፣ «አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ በእጄ ነው የምይዛት፤ ከእጄ አትወጣም» አልኳቸው። አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ?

የመጫኛው ቀን ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቷል። የዕድሩ ሰዎች ተጋግዘው ይጭናሉ፤ ቡፌው ወጣ፣ አልጋው ወጣ። የተረፉ ባዶ ካርቶኖች ቆራሌው እንዲወስዳቸው በሩ አጠገብ ተከምረዋል። እኔ የሳሙናውን ካርቶን ታቅፌ በረንዳው ጥግ ቆሜያለሁ። ሰማዩ ጠቆረና ካፊያ ጀመረ።

ሰው በዚያች ሰዓት ምን ያስባል? እኔ ያሰብኩት ጣሪያዬን ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አናት ላይ ያፈሳል፤ ሚስቴ ደግሞ እህቷ ጋ ሄዳለች። ባዶው ካርቶን ሲረጥብ፣ ጨረቃዋ ስትወይብ ታየኝ። የያዝኩትን የሳሙና ካርቶን በረንዳው ላይ፣ ክፈፉ ሥር አስቀመጥኩት። «እማማ፣ አሁን መጣሁ» አልኩ። «የት ልትሄድ በዝናብ?» አሉ።

በዚህ ዕድሜዬ ያን ዳገት በሩጫ ወጣሁት። ቤት ስደርስ ካርቶኑ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ቢሆንም በላስቲክ ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባሁት፣ ቁምሳጥኑን ቆለፍኩ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ፣ ወረድኩ።

አይሱዙው ሄዷል። እማማም ጋቢና ተሳፍረው ሄደዋል። በረንዳው ባዶ ነው፤ የባዶ ካርቶኖቹም ክምር የለም። አንዱን የዕድር ሰው ዕቃው ሁሉ መጫኑን ጠየቅኩት። «ሁሉም ተጭኗል ጋሼ፣ ምንም የቀረ የለም» አለኝ። ማመን ፈለግሁ፤ አመንኩ። ስልክ እንኳ ደውዬ አልጠየቅሁም። እሷም ተጭናለች፣ እሁድ አያታለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ይዤ፣ አራቱን ፎቅ እያለከለክሁ ወጣሁ። ቡፌው ቆሟል። ዳንቴሉ ታጥቦ ተነጥፏል። መሀሉ ላይ ምንም የለም። እማማ ሳቅ ብለው ተቀበሉኝና እጄን አዩ።

«የታለች?» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ሌሎቹ ሁሉ ዕቃ ጠፋን ሲሉ፣ እኔ በእሷ በኩል ሐሳብ የለብኝም፣ እሱ ጋ ናት አልኳቸው እኮ።»

በረንዳው ላይ አስቀምጫት እንደሄድኩ ነገርኳቸው። ዕቃቸውን ሁሉ እንደ አዲስ ፈታን። ማዳበሪያውን፣ ሻንጣውን፣ ብረት ድስቱን ሳይቀር ከፈትን። የለችም። ከዚያ የጫኑት ጎረቤት ጋ ደወልኩ። ደግ ሰው ነው፤ ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም። «የሳሙና ካርቶን? አዎ፣ በረንዳው ላይ የነበረው። ሳነሳው ቀለለኝ፤ ባዶ መሰለኝ። ከባዶዎቹ ጋር ለቆራሌው ሰጠሁት። ምነው፣ ነገር ነበረው እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልቆጣው? ፕላስቲክ ነው፤ ምንም አይመዝን። የሳሙና ካርቶን ውስጥ የሰው ልጅ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ያ ጨረቃ ያለበት ካርቶን ውስጥ ብትሆን ግን ማንም አይጥላትም ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ክዳኑን ይከፍት ነበር።

ምናለሽ ተራን ከአንድ ወር በላይ ተመላለስኩበት። አሮጌ ፕላስቲክ የሚረከቡትን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዱ «ባልዲ ነው?» ይለኛል። ሌላው «ጋሼ፣ ፕላስቲክ እኮ እንደመጣ ነው የሚፈጨው» ይለኛል። የተፈጨውን በማዳበሪያ አሳየኝ፤ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰማያዊ አለ። እጄን ሰድጄ ዘገንኩና መለስኩት። የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ከዚያ በኋላ መሄዱን ተውኩ።

ካርቶኑን የወሰድኩላቸው መፈለጉን በተውኩ በሳምንቱ ነው። ይቅርታ ይገኝበታል ብዬ አልነበረም። ቁምሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ጨረቃዋ ፊት ለፊት ታየኛለች፤ አልቻልኩም። ላስቲኩን ሳልፈታ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ገለጥኩት። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ጨረቃዋን ዞሯት። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱና ውስጡን አዩ፤ ባዶ መሆኑን እያወቁ አዩ። እኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሻጩ አባቴ እንደነበር፣ ነገ እመልሰዋለሁ እንዳለ፣ እኔ እንዳለቀስኩ።

«አንተም አለቀስክ?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ሁለት ልጆች ናቸዋ ለዚህ ካርቶን ያለቀሱት።» መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «በየእሁዱ ሻዬን ስትጠጣ ቤትህ ነበር?»

«አዎ።»

«ካርቶን ፈልግልኝ ስልህም?»

«አዎ።»

አልጮኹም። ቢጮኹ በወደድኩ። ክዳኑን ዘጉና በመዳፋቸው አለሰለሱት።

«የተጫንን ዕለት፣ ዝናቡ ሲጀምር እየሮጥክ የሄድከው ለዚህ ነበር?»

«ለእሱ ነው።»

«አልረጠበም ታዲያ?»

«አልረጠበም እማማ።»

«እሰይ» አሉ። ምፀት አልነበረውም፤ እንደዚያ ያለ ሰው አይደሉም። ካርቶኑን አንስተው እጄ ላይ አኖሩት። «ውሰደው ልጄ። ልጄም የለ፣ እሷም የለች፤ እኔ ባዶውን ምን አደርገዋለሁ? ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

ጠጣሁት። እስከ በሩ ሸኙኝ። ደረጃው ላይ መብራት አልገባም ነበርና፣ እያየሁ እንድወርድ፣ ካርቶኑንም እንዳልጥለው ነገሩኝ።

አልጣልኩትም። አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው። ጠርዙ አልታጠፈም፣ ቀለሙ አልወየበም፣ ክዳኑም ጥብቅ ብሎ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የነገርኳት ሚስቴ ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ስለ ጨረቃ ማውራቱን ትታለች።